አሮጌ ሞተር ሳይክል ነዳጅ ሲበዛበት ወይም ሲያንሰው፦ የካርቡራተር ምርመራ ደረጃ በደረጃ

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ አሮጌ ሞተር ሳይክል የሚነዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው። ሞተሩ መንተፋተፍ ሲጀምር ካቻቢቴ ያነሳሉ፤ ካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) ላይ ያገኟትን ብሎን ያዞራሉ። ትንሽ ሲሻለው ይተዉታል። ሲብስበት እንደገና ያዞራሉ። በመጨረሻ ብሎኗ መጀመሪያ የት እንደነበረች የሚያስታውስ ሰው ይጠፋል።

እዚህ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። መጀመሪያ ከካርቡራተሩ ውጭ ያለውን ጥፋት ታስወግዳላችሁ። ከዚያ ነዳጅ በዝቶበት ነው ወይስ አንሶት የሚለውን ትለያላችሁ። ቀጥሎ ነዳጅ መስጫው፣ ማለትም የሚጠመዘዘው እጀታ፣ የት ሲደርስ እንደሚያስቸግር ታገኛላችሁ። ካርቡራተሩ የሚፈታው ከዚህ በኋላ ነው። መመሪያው ለያማሃ ዲቲ እና ኤጂ 100፣ ለሱዙኪ ቲኤፍ፣ ለሆንዳ ኤክስኤል፣ ካርቡራተር ላላቸው ባጃጅ ቦክሰሮችም ይሠራል።

ከሁሉ በፊት፦ የት ሆናችሁ ነው የምታስተካክሉት?

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው። በመሃል ያለውን የሐረጎ ቁልቁለት ወርዳችሁ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ስትጓዙ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይቀንሳል። ታች ያለው አየር ወፈር ይላል። የኮምቦልቻ ሙቀት አየሩን ትንሽ ቢያሳሳውም የከፍታው ልዩነት ይበልጣል። ካርቡራተር ደግሞ ከፍታ አያውቅም፤ አየሩ ሲሳሳም ሲወፍርም ነዳጁን ራሱ አያስተካክልም።

ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ ልክ የሆነ ሞተር ደሴ ሲወጣ ነዳጅ ይበዛበታል። ደሴ ላይ ልክ የተደረገ ሞተር ኮምቦልቻ ሲወርድ ነዳጅ ያንሰዋል። ከሁለቱ የሚያስፈራው ሁለተኛው ነው። ነዳጅ የበዛበት ሞተር ኪስ ያራቁታል፣ ካንዴላ ያጠቁራል። ነዳጅ ያነሰው ሞተር ግን ይግላል፤ ፒስተን እስከ መብሳት ይደርሳል። ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚያቃጥሉት፣ ማለትም ቱ ስትሮኮቹ፣ እየሄዱ ይነክሳሉ፤ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ይጣበቃል።

ሁለቱም ከተማ የምትመላለሱ ከሆነ የመጨረሻውን ማስተካከያ ኮምቦልቻ ላይ አድርጉ። ደሴ ላይ ትንሽ ነዳጅ ቢበዛበት ቻሉት። ወደ ባቲ ወይም ወደ ከሚሴ የምትወርዱ ከሆነ እዚያ ደርሳችሁ ካንዴላውን እንደገና እዩ። ደሴ ላይ «ጉልበት ይጨምርለት» ተብሎ ትልቅ ጄት (ነዳጅ በልክ የሚያሳልፍ ባለ ቀዳዳ ናስ) የሚገባለት ሞተር ያሳዝነኛል። እዚያ ከፍታ ላይ አብዛኛው ሞተር ችግሩ የነዳጅ መብዛት እንጂ ማነስ አይደለም።

የምታዘጋጁት

- ልኩ የሆነ ካቻቢቴ፣ ሰፊም ቀጭንም
- የካንዴላ መፍቻ፣ ከተቻለም አዲስ ካንዴላ
- ነጭ ፕላስተርና እስክሪብቶ
- ቤንዚን የማያቀልጠው ግልጽ ጠርሙስና አጭር ግልጽ ቱቦ
- የሳሙና ውሃ፣ በመርጫ
- ንጹሕ ጨርቅና ሰፊ ትሪ
- ስልካችሁ፣ እያንዳንዱን ነገር ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ ለማንሳት

ቤንዚን በምትነኩበት ቦታ ሲጋራ፣ የከሰል ምድጃ፣ የዕጣን ማጨሻ አይኑር። የቤንዚን ትነት ከባድ ስለሆነ መሬት ለመሬት ሄዶ ራቅ ያለ እሳት ያገኛል። ሞተሩን በተዘጋ ክፍል ውስጥ አታስነሱ። የደሴ ብርድ በር ያስዘጋል፤ ቢሆንም ውጭ አውጡት።

ደረጃ 1፦ ነዳጁን መርምሩ

ከማደያ ሳይሆን በሃይላንድ የተሸጠ ቤንዚን ከቀዳችሁ ጥርጣሬው ከዚህ ይጀምር። ጥቂት ቤንዚን ግልጽ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ ግማሽ ሰዓት አስቀምጡት። ውሃ ካለው ከታች ይዘቅጥና መለያ መስመሩ ይታያል።

ቀጥሎ ጠብታ በነጭ ወረቀት ላይ ጣሉ። ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ይተናል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ከሆነ ቅባት መሰል እድፍ ይቆያል። እንዲህ ያለ ነዳጅ ጠዋት አያስነሳም፣ ያጨሳል፣ ካንዴላ ላይ ጥላሸት ያለብሳል። ሰዎች ይህን አይተው «ነዳጅ በዝቶበታል» ብለው ካርቡራተር ይነካካሉ። ታንኩን አራግፋችሁ ንጹሕ ቤንዚን ሳትሞሉ ወደ ደረጃ 2 አትለፉ።

ደረጃ 2፦ ነዳጁ እስከ ካርቡራተሩ ይደርሳል?

1. የነዳጅ መክፈቻውን ዝጉ። ቱቦውን ከካርቡራተሩ ነቅላችሁ ጠርሙስ ውስጥ አድርጉ።
2. መክፈቻውን ክፈቱ። ሳይቆራረጥ መፍሰስ አለበት።
3. ለአንድ ደቂቃ ያህል ተዉት። መጀመሪያ ጥሩ ፈስሶ ቀስ በቀስ ከቀነሰ የታንኩን ክዳን ክፈቱ።

ክዳኑ ሲከፈት ፍሰቱ ከተመለሰ የክዳኑ አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ተደፍኗል። ይህ ጥፋት ብዙ ሰው ያታልላል፤ ሞተሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር በደንብ ሄዶ ይሞታል፣ ትንሽ ቆሞ ሲነሳ ደግሞ ጤነኛ ይመስላል። ክዳኑን እጠቡት። ክዳኑ ተከፍቶም ከቀጠነ የመክፈቻው ወንፊት በዝገት ተሞልቷል።

አንዳንድ ሞዴል ላይ መክፈቻው የሚለቀው ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ነው። ከመክፈቻው ሁለት ቱቦ ከወጣና አንዱ ወደ ሞተሩ ከሄደ እንደዚያ ዓይነት ነው። «ተደፍኗል» ብላችሁ አትቸኩሉ።

ደረጃ 3፦ አየሩ በትክክለኛው መንገድ ይገባል?

የአየር ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ አውጡ። ከኮምቦልቻ ወጣ ባለ የገጠር መንገድ የሚሠራ ሞተር ፊልትሮው በአቧራ ይታነቃል። የታነቀ ፊልትሮ ነዳጅ እንደበዛበት ያደርገዋል። ስፖንጅ ከሆነ በሳሙና ውሃ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ትንሽ የሞተር ዘይት አስነክታችሁ ጨምቁት። ወረቀት ከሆነ አይታጠብም፤ ይቀየራል። ያለ ፊልትሮ ግን አትንዱ።

አሁን ካርቡራተሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ጎማ እዩ። ሞተሩን አስነሱና እጀታውን ሳትጠመዝዙ በሚኒሞ፣ ማለትም በዝቅተኛው ፍጥነቱ፣ ይሥራ። የሳሙና ውሃውን በጎማው ዙሪያና በማሰሪያው ላይ ትንሽ ትንሽ ርጩ። ካንዴላውና ገመዱ ላይ አታድርሱ። የሞተሩ ድምፅ ድንገት ከተቀየረ እዚያ ጋ አየር ይስባል። ጎማው ሲታጠፍ ብቻ የሚከፈት ስንጥቅ ስላለ በእጃችሁ እየጫናችሁ ሞክሩ። ይህንን ሙከራ በቤንዚን የሚያደርጉ ሰዎች አሉ። በጋለ ሞተር ላይ ቤንዚን መርጨት እሳት መጥራት ነው፤ አታድርጉት።

ስንጥቅ ከተገኘ ጎማው ይቀየር። በማስቲሽ የተለጠፈ ጎማ ቤንዚን ሲነካው ይለቃል፤ እናንተም ወደ መጀመሪያው ጥፋት ትመለሳላችሁ።

ደረጃ 4፦ ብልጭታውና ቾኩ

ካንዴላውን ፈትታችሁ ገመዱ ላይ ሰኩት። የብረት አካሉን ከካንዴላው ቀዳዳ ራቅ አድርጋችሁ የሞተሩ ብረት ላይ አስነኩና ርገጡ። ሰማያዊና ጠንካራ ብልጭታ ይፈለጋል። ቢጫና የሚቆራረጥ ከሆነ ካርቡራተሩን ተዉት፤ ጥፋቱ የኤሌክትሪክ ነው። ቾኩም (ብርድ ላይ ለማስነሳት ነዳጅ የሚያበዛው መሳቢያ) ሙሉ በሙሉ መመለሱን በዓይናችሁ አረጋግጡ። በግማሽ ተይዞ የቀረ ቾክ ለብቻው ሞተሩን በነዳጅ ያሰምጠዋል። ባለ ቫልቭ ሞተር ከሆነ የቫልቩ ክፍተት ከተለካ ቆይቶ እንደሆነ አስለኩት፤ የጠበበ ቫልቭ ሚኒሞ ይከለክላል።

ደረጃ 5፦ በዝቶ ነው ወይስ አንሶ?

ነዳጅ ሲበዛበት እነዚህን ታያላችሁ፦ ብርድ ላይ ጥሩ ሆኖ ሲሞቅ ይብስበታል፤ ድምፁ ይታፈናል፤ ከማርሚታው ጥቁር ጭስና የቤንዚን ሽታ ይወጣል። ቱ ስትሮክ ላይ ሰማያዊ ጭስ የዘይት ነው፤ ለብቻው ምልክት አይሆንም።

ነዳጅ ሲያንሰው ደግሞ ጠዋት ያለ ቾክ አይነሳም፤ ቾኩ ቶሎ ሲመለስ ይጠፋል። እጀታውን ስትለቁ ሞተሩ ቶሎ ወደ ሚኒሞ አይወርድም። ቁልቁለት ላይ ማርሚታው ይተኩሳል። መተኮሱ ግን ከማርሚታው መጋጠሚያ አየር ሲገባም ይመጣል፤ መጋጠሚያውን እዩ።

ጥርጣሬውን የሚቆርጠው የቾክ ሙከራ ነው። ሞተሩን አሙቁ። በሚያስቸግርበት ፍጥነት ላይ እያለ ቾኩን ትንሽ ሳብ አድርጉ። ከተሻለው ነዳጅ አንሶታል። ከባሰበት በዝቶበታል። በሌላ ምልክት ግራ ከተጋባችሁ ይህንን እመኑ።

ደረጃ 6፦ ነዳጅ መስጫው የት ሲደርስ?

ሰዎች የሚዘሉት ደረጃ ይህ ነው፤ አብዛኛው ድካም ከንቱ የሚቀረውም እዚህ ነው። ካርቡራተር ውስጥ አንድ የነዳጅ መንገድ ብቻ የለም። እጀታው በተጠመዘዘ ቁጥር ሥራው ከአንዱ ወደ ሌላው ይተላለፋል።

1. የማይዞረው የእጀታው ክፍል ላይ ፕላስተር ለጥፉ፤ በሚዞረው ላይም እንዲሁ።
2. ሙሉ በሙሉ ሲዘጋና ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ምልክት አድርጉ። መሃሉን ከፍላችሁ ሩብ፣ ግማሽ፣ ሦስት አራተኛ ጻፉ።
3. ቀጥ ያለና ጸጥ ያለ መንገድ ምረጡ፤ ማለዳ ቢሆን ይሻላል። ሐረጎ ላይ አትሞክሩ። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ የጭነት መኪና ይበዛል፣ ዓይናችሁም እጀታው ላይ ይሆናል።
4. በእያንዳንዱ ምልክት ላይ እጃችሁን ሳታንቀሳቅሱ ንዱ። የት እንደተንተፋተፈ ያዙ።

ውጤቱን እንዲህ አንብቡት፦

- ከዝግ እስከ አንድ ስምንተኛ (የሩቡ ግማሽ) ድረስ፦ የሚኒሞ ጄትና የማስተካከያዋ ብሎን
- ከአንድ ስምንተኛ እስከ ሩብ፦ የስላይዱ (እጀታው ሲጠመዘዝ ከፍ ዝቅ የሚለው መዝጊያ) ቅርጽ። ይህ ብዙም አይነካም
- ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ፦ ስላይዱ ላይ የተንጠለጠለው መርፌ
- ከሦስት አራተኛ እስከ ሙሉ፦ ዋናው ጄት

በሁሉም ቦታ እኩል ካስቸገረ ወደ አንዱ ጄት አትሂዱ። በቋቱ (ካርቡራተሩ ሥር ነዳጅ የሚጠራቀምበት ሳህን) ውስጥ ያለው የነዳጅ ከፍታ፣ ፊልትሮው ወይም የአየር መሳብ ነው።

ካንዴላውን ማንበብ። ያጠራጠራችሁ ቦታ ላይ እጃችሁን ይዛችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ ንዱ። ከዚያ ፍሪሲዮን ያዙና በዚያው ቅጽበት እጀታው ላይ ባለው ማጥፊያ ሞተሩን አጥፉ። በሚኒሞ እየሠራ ከቆመ ቀለሙ ይበላሻል። ከመንገድ ወጥታችሁ ይቀዝቅዝ፤ የጋለ ካንዴላ የሲሊንደሩን ጥርስ ይዞ ይወጣል። ጫፉን ብቻ አትዩ። በመሃል ያለውን ነጭ ሸክላ ወደ ውስጥ ዘልቃችሁ በስልክ መብራት እዩት። ማኪያቶ የመሰለ ቀለም ጤና ነው። ደረቅ ጥላሸት ነዳጅ መብዛቱን ይናገራል። ነጭ ሆኖ ትንንሽ ፍንጣሪ ነጠብጣብ ካለበት በዚያ ሞተር ከዚህ በላይ አትንዱ። አሮጌ ካንዴላ የድሮውን ታሪክ ስለሚያወራ ይህን በአዲስ ካንዴላ አድርጉት።

ደረጃ 7፦ ሚኒሞን ማስተካከል

ካርቡራተሩ ላይ ሁለት ብሎን አለ። ትልቁና ስፕሪንጉ የሚታየው ስላይዱን ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ የሚኒሞ ፍጥነት ነው። ትንሿ የነዳጁንና የአየሩን መጠን ትወስናለች። ትንሿ የምትሠራበት አቅጣጫ እንደ ቦታዋ ይለያያል፦

- በፊልትሮው በኩል ካለች አየር ትቆጣጠራለች። ስትፈቷት ነዳጁ ያንሳል።
- በሞተሩ በኩል ካለች ነዳጅ ትቆጣጠራለች። ስትፈቷት ነዳጁ ይበዛል።

ይህን ሳይለዩ ማዞር ጥፋቱን እጥፍ ያደርገዋል።

1. ሞተሩን አጥፉ። ትንሿን ብሎን እየቆጠራችሁ ቀስ ብላችሁ አጥብቁ። ስትነካ አቁሙ። ስታስጨንቋት ጫፏ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ያ አይመለስም። ቁጥሩን ጻፉት።
2. አንድ ዙር ተኩል ፍቷት።
3. ሞተሩን አስነስታችሁ በደንብ አሙቁ። በፍጥነት ብሎኑ ሚኒሞውን ትንሽ ከፍ አድርጉ።
4. ትንሿን ሩብ ዙር ሩብ ዙር አዙሩ። ከእያንዳንዱ በኋላ ሞተሩ እስኪረጋ ጠብቁ። ድምፁ ከፍ ብሎ ለስልሶ የሚሠራበትን ቦታ ፈልጉ።
5. የፍጥነት ብሎኑን መልሳችሁ ሚኒሞውን አውርዱ። እዚህ ተራ ቁጥር 4 እና 5 ላይ ያለውን አንዴ ድገሙ።

አየር የምትቆጣጠረው ብሎን ከአንድ ዙር በታች ላይ ብቻ ጥሩ ከሆነ የሚኒሞ ጄቱ ተደፍኗል ወይም ትንሽ ነው። ከሁለት ተኩል በላይ ከጠየቀ ጄቱ ትልቅ ነው። ነዳጅ የምትቆጣጠረው ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ብታዞሯትም ምንም ለውጥ ከሌለ መንገዱ ተደፍኗል፤ ወደ ደረጃ 8 እለፉ።

ደረጃ 8፦ መፍታትና ማጽዳት

1. ነዳጁን ዝጉ፤ ቋቱን ጠርሙስ ውስጥ አራግፉ። የወጣውን እዩት። ቡናማ ደለል ከታንክ የመጣ ዝገት ነው፤ ታንኩ ካልታጠበ በቅርቡ ትመለሳላችሁ።
2. ቋቱን ፍቱ። የፍሎቱን (ነዳጁ ላይ ተንሳፎ መግቢያውን የሚዘጋው) ፒን አውጡ። ነዳጅ መግቢያውን የሚደፍነው የፍሎቱ መርፌ ትንሽ ስለሆነ ትሪው ላይ ሥሩ።
3. ጄቶቹን ልካቸው በሆነ ካቻቢቴ ፍቱ። ናስ ለስላሳ ነው፤ ቀጭን ካቻቢቴ ይልጠዋል። ላይ የተጻፈውን ቁጥር መዝግቡ።
4. ትንሿን ብሎን አውጡ። ስፕሪንጉ፣ ቀጭኗ ዋሸርና ትንሿ የጎማ ቀለበት አብረው መውጣታቸውን አረጋግጡ። ቀለበቷ ውስጥ ቀርታ ወይም ጠፍታ «አልስተካከል አለ» የሚባል ካርቡራተር ብዙ ነው።
5. እያንዳንዱን ጄት ወደ ብርሃን አንስታችሁ እዩበት። ክብና ንጹሕ ብርሃን መታየት አለበት።
6. በቤንዚን ዘፍዝፉ። ቀዳዳውን ሐይቅ ላይ ዓሣ የሚያጠምዱበት ዓይነት ቀጭን ናይለን ክር አሳልፉበት። የስፌት መርፌና የብረት ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋሉ፤ ከዚያ ወዲህ ያ ጄት ቁጥሩ ውሸት ነው።
7. ጎሚስታ ጋ ወስዳችሁ በኮምፕሬሰር አስነፉ። ፍሎቱ፣ መርፌዎቹና የጎማ ክፍሎቹ ወጥተው መሆን አለበት። ላስቲክ ዲያፍራም ያለው ካርቡራተር ከሆነ ዲያፍራሙ ሳይወጣ አየር አይነካው፤ ይቀደዳል።
8. የናስ ፍሎት ከሆነ ጆሯችሁ አጠገብ አወዛውዙት። ውስጡ ቤንዚን ከተንቦጫቦጨ ቀዳዳ አለው። የፍሎቱ መርፌ ጫፍ ላይ ክብ ጭረት ከታየ ቀይሩት።

ስትገጥሙ የስላይዱ የተቆረጠ በኩል ወደ ፊልትሮው ይዙር። ተገልብጦ ከገባ ሞተሩ እንደተነሳ ይጮሃል። ከማስነሳታችሁ በፊት እጀታውን አዙራችሁ ልቀቁ፤ ስላይዱ «ጧ» ብሎ መመለስ አለበት።

የነዳጁን ከፍታ ለማየት ግልጹን ቱቦ ቋቱ ማራገፊያ ላይ ሰክታችሁ ወደ ላይ አቁሙና ማራገፊያውን ክፈቱ። ነዳጁ በቱቦው ውስጥ ከቋቱ መጋጠሚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ ይቆማል። ከመጋጠሚያው በላይ ከሄደ ፍሎቱ በጣም ከፍ ብሏል ወይም መርፌው አይዘጋም።

ደረጃ 9፦ መርፌና ዋና ጄት

እዚህ የምትደርሱት ሁሉም ንጹሕ ሆኖ ችግሩ ካልሄደ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ።

የስላይዱ መርፌ ከላይ በኩል ጥርሶችና ትንሽ ክሊፕ አለው። ክሊፑን ወደ ታች ስታወርዱ መርፌው ከፍ ይላል፤ ነዳጅ ይጨምራል። ክሊፑን ወደ ላይ ስታወጡ ነዳጅ ይቀንሳል። አንድ ጥርስ ቀይራችሁ በግማሽ እጀታ ንዱ።

ዋናውን ጄት ለመፈተን ሙሉ ነዳጅ ሰጥታችሁ ዳገት ውጡ፤ ከዚያ እጀታውን ትንሽ ብቻ መልሱ። ሞተሩ በዚያ ቅጽበት ጉልበት ከጨመረ ዋናው ጄት ትንሽ ነው። ሙሉ ላይ እየታፈነ ሲመለስ ከጠራ ጄቱ ትልቅ ነው። አንድ ቁጥር ብቻ ቀይራችሁ ካንዴላውን አንብቡ።

ቱ ስትሮክ ላይ ዘይት ጨምሮ «እንዳይነክስ አደረግኩት» ማለት አይሠራም። በሚቀላቀል ቤንዚን ዘይት ሲበዛ በዚያው ቀዳዳ የሚያልፈው ቤንዚን ያንሳል። የነዳጁ እጥረት ይብሳል እንጂ አይድንም።

ሲበላሽባችሁ

*ጄቱ አልፈታ ካለ፦* አታስገድዱት። ቤንዚንና ትንሽ ዘይት ላይ አሳድሩት። ጠዋት ሙሉ በሙሉ የሚሞላው ካቻቢቴ ሰክታችሁ በላዩ ላይ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉና ሞክሩ።

*ከገጠማችሁ በኋላ ቤንዚን በትርፍ ቱቦው ከፈሰሰ፦* ነዳጁን ዝጉ። ቋቱን በካቻቢቴ እጀታ ቀስ ብላችሁ መታ አድርጉ፤ የፍሎቱ መርፌ ተይዞ ሊሆን ይችላል። ካልቆመ እንደገና ፍቱት።

*ሌሊት ሲፈስ ካደረ፦* አታስነሱት። ባለ ቫልቭ ሞተር ከሆነ የዘይት መለኪያውን አውጡና አሽትቱ። ዘይቱ ቤንዚን ከሸተተ ወይም ከመስመሩ በላይ ከሆነ ዘይቱን ቀይሩ፤ ቤንዚን የገባበት ዘይት ብረት አያለሰልስም።

*ሲነሳ ከጮኸና እጀታው ካልመለሰው፦* ወዲያው በማጥፊያው አጥፉ። ስላይዱ ተገልብጧል፣ ገመዱ ተይዟል፣ ወይም ጎማው አየር እየሳበ ነው። በዚህ ቅደም ተከተል እዩ።

*ደሴ ላይ ተስተካክሎ ኮምቦልቻ ሲደርስ መተኮስ ከጀመረ፦* ቀዝቀዝ ሲል ትንሿን ብሎን ነዳጅ ወደሚያበዛው በኩል ሩብ ዙር አዙሩ። በሙሉ እጀታም ካስቸገረ ብሎኗ አትደርስለትም፤ ዋናውን ጄት በአንድ ቁጥር አሳድጉ፤ እስኪቀየር ድረስ ከግማሽ እጀታ አትለፉ።